የመኪናችን ሙቀትና የነዳጅ ሂሳባችን

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር



ሊቀመንበራችን ዛሬ እንድናገር የጠየቁኝ ስለ መኪናችን ወጪ ነው። አጭር ሪፖርት አንብቤ መቀመጥ እችል ነበር። ነገር ግን ወጪው ብቻውን ቢነበብ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ አይመልስም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። ስለዚህ ዛሬ ከመዝገቡ ትንሽ ወጣ ብዬ ወደ ሞተሩ እገባለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሂሳብ ነው። የምነግራችሁ ደረሰኝ ስቀበልና ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ስጠይቅ የገባኝን ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት አምስት ወራት “የሞተር ሙቀት ችግር” በሚል ምክንያት የከፈልነው 23,100 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 7,200 ብሩ ለሦስት የሙቀት ሴንሰሮች፣ 10,500 ብሩ ለውሃ ፓምፕና ለእጅ ዋጋ፣ 4,000 ብሩ ራዲያተር አስወርዶ ለማሳጠብ፣ 600 ብሩ ለራዲያተር ክዳን፣ 800 ብሩ ደግሞ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ለመጣል ነው። አዎ፣ አውጥቶ ለመጣል። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ይልቅ ያስጨነቀን የነዳጁ ዓምድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚቀዳው በቴሌብርና በመሳሰሉት ዲጂታል ክፍያዎች ስለሆነ የተቀዳው ሁሉ ስልክ ላይ ይቀራል። እኔም ኪሎ ሜትሩን ከሾፌራችን እየተቀበልኩ በየወሩ አካፍለዋለሁ። መኪናችን በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። በኅዳር 8 ሆነ፤ በጥር 7። በወር ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና ይህ ማለት በወር 50 ሊትር ያህል ተጨማሪ ቤንዚን ነው። ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ 50 ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ በርበሬ እንደሚገዛ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ማን እንደጀመረው አልጠይቅም። “ቤንዚኑ በጀሪካን እየወጣ ነው” ተባለ። ሾፌራችን የእኛው አባል ናት። ከእናንተው ጋር ቁጭ ብላ በርበሬ ስትቀነጥስ ኖራ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሴት ናት። በጥር ወር ቃለ ጉባኤ ላይ “ሾፌሯ ስለ ነዳጁ መብዛት ማብራሪያ ትስጥ” ተብሎ ተጽፏል። እኔ በዚያ ቀን የተናገርኩትም እዚያው ሰፍሯል፤ መዝገቡ ቤንዚኑ እንደጨመረ ያሳያል፣ የት እንደሄደ ግን አያሳይም።

አሁን ወደ ሞተሩ።

የመኪናችን ሞተር ሁለት የሙቀት መለኪያዎች አሉት። አንዱ ባለ አንድ ሽቦ ሲሆን የሚያወራው ዳሽቦርዱ ላይ ካለው የሙቀት ጌጅ ጋር ብቻ ነው። ሾፌሯ የምታየው እሱን ነው። ሁለተኛው ባለ ሁለት ሽቦ ሲሆን የሚያወራው ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ስንት ቤንዚን ይረጭ፣ የራዲያተሩን ፋን መቼ ያስነሳ የሚለውን የሚወስነው በዚህኛው ቃል ነው። ሁለቱ የሚለኩት አንድ ውሃ ነው። እንደ ባንክ መግለጫና እንደ እኛ የጥሬ ገንዘብ መዝገብ በሏቸው፤ ሁለት ሰው የጻፈው አንድ ገንዘብ።

ችግሩ የጀመረው የቼክ ኢንጂን መብራት በመብራቱ ነው። አንድ ጋራዥ ወስደናት በስካነር ሲነበብ ፒ 0118 የሚል ኮድ ወጣ። ይህ ኮድ በቋንቋችን ሲፈታ፣ ከባለ ሁለት ሽቦው ሴንሰር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ኮዱ “ሴንሰሩ ሞቷል” አላለም። በዚያ መስመር ላይ፣ ማለትም በሴንሰሩ፣ በሶኬቱ፣ በሽቦው ወይም በኮምፒውተሩ በኩል፣ የሆነ ነገር ልክ አይደለም ነው ያለው። ሂሳብ ሲመዘን ዴቢትና ክሬዲት እኩል ካልሆነ ስህተት መኖሩን ታውቃለህ እንጂ የቱ ገጽ ላይ እንደሆነ አታውቅም። ጋራዡ ግን ሴንሰሩን ቀየረና ኮዱን አጠፋ። ሳምንት ደህና ሆነች። ከዚያ መብራቱ ተመለሰ። ሁለተኛ ሴንሰር ከሶማሌ ተራ ተገዛ፤ አሥር ቀን ደህና ሆነች። ሦስተኛው “ኦሪጅናል” ተብሎ ነው የተገዛው፤ እሱም እንደዚያው።

በዚህ መሀል እውነተኛ ሙቀት መጣ። መኪናዋ እህል በረንዳ ሰልፍ ላይ ቆማ ጌጁ ወደ ቀዩ ወጣ፤ ውሃውም ፈላ። “ውሃው አይዞርም” ተብሎ ፓምፑ ተቀየረ። “ራዲያተሩ ደፍኗል” ተብሎ ታጠበ። በመጨረሻ “ቴርሞስታት ለዚህ አገር አያስፈልግም” ተብሎ ወጥቶ ተጣለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ መኪና ያላችሁ ቤተሰቦች ብዙ ናችሁና ይጠቅማችኋል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የራዲያተሩን መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ በር ነው። አብዛኛውን ጊዜ 82 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ይጀምራል። ሲወጣ ሞተሩ በተለይ ጠዋት ጠዋትና በቁልቁለት ሳይሞቅ ይሠራል፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። “አገሩ ሞቃት ነው” የሚለው ምክንያት ለአዲስ አበባ ጨርሶ አይሠራም።

ይልቅ ለአዲስ አበባ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ክክ እዚህ ድሬዳዋ ካለችው እህታችሁ ድስት ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚፈጅባችሁ ለዚህ ነው። የመኪና ፋን ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ታዲያ ፋኑ ሳይነሳ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ እንደ ፕሬዠር ኩከር ክዳን ግፊት ይይዛል። በደህና ክዳን እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ንጹህ ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናችሁ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ከጻፍኳቸው ወጪዎች ውስጥ 600 ብሩ ክዳን ባይቀድም እንኳ መጀመሪያ መታየት የነበረበት ነው። ደግሞም እባካችሁ፣ የሞቀ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርድና ውሃው ሁሉ ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ሞተሩ አጥፍታችሁ ላስቲኩን በእጅ መንካት እስክትችሉ ድረስ ጠብቁ።

ወደ ነገራችን ልመለስ። ክዳኑም ተቀየረ፤ መኪናዋ ግን መፍላቷን አልተወችም።

ከጥሩ ስብሰባ በኋላ ለሾፌራችን አንድ የተማሪ ደብተር ሰጠኋት። በየቀኑ አራት ነገር እንድትጽፍ ተስማማን። የት እንደነበረች፣ እየሄደች ወይስ ቆማ፣ የቼክ መብራቱ በርቷል ወይስ የለም፣ ጌጁ የት ደርሷል። ሦስት ሳምንት ጻፈች። ጽሑፏ ቅልብጭ ያለ ነው። “እህል በረንዳ፣ ሰልፍ፣ መብራት የለም፣ ጌጁ ወጣ።” “ጀሞ፣ መንገድ ክፍት፣ መብራት የለም፣ ጌጁ መሀል።” “ሜክሲኮ፣ መጨናነቅ፣ መብራት በርቷል፣ ጌጁ መሀል።” አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከጠየቅኳት ውጭ ጨምራ “ተክለ ሃይማኖት፣ ሲወጣብኝ ኤርኮንዲሽን ከፈትኩ፣ ወረደ” ብላ ጽፋለች። ይህን ለጋራዡ ብዙ ጊዜ ነግራቸው እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። “አየር ሲከፈት ሞተር ይጨነቃል እንጂ አይቀዘቅዝም” ብለው መልሰዋታል።

ደብተሩን ሳነበው አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ትርጉሙን ግን አላውቀውም። መኪናዋ የምትፈላው ስትቆም ብቻ ነው፤ ያውም መብራቱ ባልበራበት ቀን። የማስጠንቀቂያው መብራት በበራ ቀን ቆማም ደህና ናት። ሰው መብራት ሲበራ ይደነግጣል፤ የእኛ መኪና ግን መብራት ሲበራ ትድናለች። ጋራዡ ደግሞ የሚሞክራት ክፍት መንገድ ላይ እየነዳ ነው፤ እየሄደች ደግሞ ንፋሱ ራዲያተሩን ስለሚያቀዘቅዘው ምንም አይታይም።

የአንዷ አባላችን ልጅ እዚሁ ሜክሲኮ አካባቢ ካለው ተግባረ ዕድ በአውቶ ኤሌክትሪክ ተመርቃለች። ደብተሩን ወሰድኩላት። አንብባ “እትዬ፣ ዛሬ ምንም አንፈታም። መኪናዋ ሌሊቱን ትደር፤ ጠዋት ማንም ሳያስነሳት እመጣለሁ” አለችኝ።

ጠዋት 12፡30 ላይ መጣች። የያዘችው ትንሽ ስካነርና ቴስተር ነው። ቁልፉን ከፈተች፣ ሞተሩን ግን አላስነሳችም። ምክንያቱን እንዲህ ብላ ነገረችኝ። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ከአየሩ ጋር እኩል ቀዝቅዟል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚያነበው የውሃ ሙቀትና ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ስካነሩ ላይ አየሩ 13 ዲግሪ ይላል። ውሃው 6 ዲግሪ ይላል። ልደታ ውስጥ በዚያ ጠዋት 6 ዲግሪ የሆነ ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ እስኪሞቅ ጠበቅን። ጌጁ መሀል ደረሰ። የላይኛው የራዲያተር ላስቲክ እጅ አያስነካም። ስካነሩ ግን 36 ዲግሪ ይላል። ባንኩ ሌላ፣ መዝገባችን ሌላ። እኔ ይህን ሳይ ነገሩ የእኔ ሙያ ውስጥ እንደገባ ተሰማኝ፤ የባንክ ማስታረቂያ ነውና። ሁለቱ ሲለያዩ ገንዘብ ያዧን መቀየር አይደለም ሥራው። ልዩነቱ ከየት ገጽ እንደጀመረ መፈለግ ነው።

“የድሮዎቹ ሴንሰሮች አሉ?” ብላ ጠየቀች። ነበሩ። ማንኛውም የተቀየረ ዕቃ ከደረሰኙ ጋር እንዲመለስልኝ ስለምጠይቅ የመጀመሪያውም ሆነ ከዚያ በኋላ የወጡት ሁለቱ በፖስታ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዳንዶቻችሁ የዛገ ዕቃ ምን ይሠራልሻል ብላችሁ ስቃችሁብኛል። ኩሽናችን ገብተን ትንሽ ድስት ላይ ውሃ ጣድን። ይህ ሴንሰር ውስጡ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ነገር አለው። በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። የእንጀራ እናቶቻችን ምጣዱን ትተው ከበቡን። ሦስቱም በቀዝቃዛው ውሃ ወደ 2,400 አካባቢ አሳዩ። ውሃው ሲግል ሦስቱም ወደ 320 ወረዱ። ሦስቱም ጤነኛ ናቸው። የተጣለውም፣ የገዛነውም፣ እንደገና የገዛነውም።

እንግዲህ ሴንሰሩ ካልዋሸ መንገድ ላይ ቃሉን የሚያበላሽ አለ። ሶኬቱን ነቅላ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ሽቦ ለካች። ደህና ሽቦ ዜሮ አካባቢ ነው የሚያሳየው። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ አለ። ሁለተኛው፣ ወደ መሬት የሚመለሰው፣ 1,000 ኦም አለ።

ይህችን 1,000 በብር አስቧት። አንድ ሰው በየደረሰኙ ላይ 1,000 ብር እየጨመረ ይጽፋል እንበል። ደረሰኙ 3,300 ብር ከሆነ 4,300 ይሆናል፤ ብዙ አይታወቅም። ደረሰኙ 280 ብር ከሆነ ግን 1,280 ይሆናል፤ ያኔ መዝገቡ ሁሉ ይገለበጣል። ሞተሩ ጠዋት ቀዝቃዛ ሲሆን የሴንሰሩ ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ስህተቱ የ7 ዲግሪ ብቻ ነበር። ሲሞቅ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚሆን ስህተቱ 50 ዲግሪ ሆነ። ሞተሩ በጋለ መጠን ኮምፒውተሩ የበለጠ ይሳሳታል ማለት ነው። አንዳንዴ በንዝረት ሽቦው ጨርሶ ሲለያይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንደሆነ ይነገረዋል። ይህን እሱም አያምንም። ያኔ ነው ኮዱን መዝግቦ መብራቱን የሚያበራው። ሴንሰር በተቀየረ ቁጥር ለሳምንት የሚሻላትም ሶኬቱ ሲነቀልና ሲሰካ ሽቦው ስለሚነካካ ነበር።

ቴፑ ሲገፈፍ አገኘነው። ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ያን ሽቦ ቆርጦ እንደገና በእጁ ጠምዝዞ በቴፕ ብቻ ጠቅልሎታል። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ላቫጆ ላይ ኮፈን ተከፍቶ ሞተሩ በፕሬዠር ውሃ ሲታጠብ ይህን ዓይነቱ ቦታ ነው ውሃውን ጠጥቶ የሚያስቀረው። አዲስ ሽቦ ተቀጥሎ ተበየደ፣ በሙቀት የሚጣበቅ ማሸጊያም ተደረገበት። ዕቃው 350 ብር። የልጅቷን የእጅ ዋጋ እናቷ አላስከፍልም አለች፤ ኮሚቴው ግን እንዲከፈላት ወስኗል፤ 1,500 ብር ተከፍሏታል፣ ደረሰኙም አለ።

አሁን ደብተሩን መልሳችሁ አንብቡት። ኮምፒውተሩ ሞተሩ 36 ዲግሪ ነው ብሎ ስለሚያምን ፋኑን የሚያስነሳበት ምክንያት የለውም። ሾፌራችን ኤርኮንዲሽን ስትከፍት ግን ፋኑ ለኤርኮንዲሽኑ ሲባል ይነሳል፤ ራዲያተሩም አብሮ ይቀዘቅዛል። ልክ ነበረች። መብራቱ ሲበራ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ማመን ትቶ ለጥንቃቄ ፋኑን ዝም ብሎ ያዞረዋል፤ ስለዚህ መብራት በበራ ቀን አትፈላም።

ቤንዚኑስ? ሞተር ሲቀዘቅዝ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ገና ጠዋት ነው ብሎ እያሰበ ይረጭ ነበር። በዚያ ላይ ቴርሞስታቱ ስለወጣ ሞተሩ በእርግጥም አንዳንዴ ቀዝቃዛ ነው። 50 ሊትሩ በጀሪካን አልወጣም፤ በጭስ ማውጫ ነው የወጣው። ቴርሞስታቱን በ1,400 ብር መልሰን አስገባን። የመጋቢት ሂሳብ በሊትር 9.6 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያዝያው 10።

“ይህን ሁሉ ከምንጨነቅ ሸጠን ሌላ እንግዛ” ያላችሁ ነበራችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ገበያው ላይ ያለው ያው እንደኛዋ የቆየ መኪና ነው፤ የእሱ ሽቦ ደግሞ በማን እጅ እንደተጠመዘዘ አናውቅም። የእኛን እናውቀዋለን። ሁለት ጊዜ የፈላው ሞተር ቴስታው እንዳልተጎዳም በግፊት ተፈትሿል፤ ደህና ነው።

ደጋፊዎቻችን ከዚህ ዓመት የጥገና በጀት ላይ 6,000 ብር ቴስተርና ስካነር ለመግዛት እንዲዛወር ጠይቀን ተስማምታችኋል፤ እናመሰግናለን። ዕቃው በሾፌራችን እጅ ይሆናል፤ በሴንሰር፣ በፓምፕ ወይም በማንኛውም መለዋወጫ ላይ ክፍያ የምፈጽመውም መጀመሪያ ምን ተለክቶ ምን እንደተገኘ በአንድ መስመር ተጽፎ ሲመጣልኝ ነው። ላቫጆ ላይም ከእንግዲህ ኮፈን አይከፈትም።

የቀረው የጥር ቃለ ጉባኤ ነው። ተራ ቁጥር 4 ላይ “ሾፌሯ ስለ ነዳጁ መብዛት ማብራሪያ ትስጥ” የሚለው አሁንም ተፈርሞበት እንዳለ ነው። ከሥሩ “ነዳጁ የበዛው በሙቀት ሴንሰሩ መስመር ብልሽት መሆኑ ተረጋግጧል፤ ሾፌሯ የጻፈችው ደብተርም ከዚህ ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዟል” ተብሎ እንዲጻፍና ሁላችሁም እንድትፈርሙበት ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፤ ጸሐፊያችን ትቁጠር።